ማድ ቤት የገባችው ሼፐር

ባለፈው ሳምንት የግቢዬን በር ማጠፊያ ላሠራ አቃቂ በሰቃ አንድ ብየዳ ቤት ገባሁ። ሠራተኛው ወጣት ነው፤ ችኩል ቢጤ። መሰርሰሪያውን ብረቱ ላይ ተጭኖ ሲያስጮኸው ጫፉ ግሎ መጨስ ጀመረ። ዘይት ፈለገ፤ ጣሳው ባዶ ነው። ዘወር ብሎ ከምሳ ዕቃው አጠገብ የቆመውን ፕላስቲክ አነሳና ትንሽ የምግብ ዘይት ጠብ አደረገበት። ቸስ አለ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ፊቴ ላይ መጣ።

«እህቴ፣ ራቅ በይ፤ ልብስሽ ይሸታል» አለኝ።

«ዘይቱ የኑግ ነው?» አልኩት።

«አዎ፤ ምነው?»

«ምንም። ጨምርበት።»

ልጁ «ይቺ ሴትዮ ጤናም የላት» ብሎ ሳይሆን አይቀርም ቀና ብሎ አየኝ። አልፈርድበትም። ማጠፊያዬን ረስቼ ጭሱን በአፍንጫዬ እየሳብኩ ነበር። ትኩስ ብረት የነካው የኑግ ዘይት ሽታ እኔ የማውቀው ከአንድ ጾምና ከአንድ ቤት ነው። ቤቱ የእናቴ ማድ ቤት ነበር።

ያኔ ስምንት ዓመቴ ነው። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ አባቴ ከፋብሪካ ተቀነሰ። ትልልቆቹ «ታደሰን ቀነሱት» እያሉ ሲንሾካሾኩ፣ እኔ ትምህርት ቤት ገና መቀነስ እየተማርኩ ስለነበር፣ ምኑ እንደጎደለ ለማወቅ አባዬን ከእግር እስከ ራሱ ፈተሽኩት። እጁም እግሩም በቦታው አለ። ጠዋት ተነስቶ ደጃፍ ያለችው ዱካ ላይ ይቀመጥና ትራንዚስተሩን ጆሮው ላይ ደግፎ እስከ ምሳ አይናገርም። ከምሳ በኋላም አይናገርም።

ፋብሪካ ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት የሠራው ሼፐር ላይ ነበር። ሼፐር ብረት የምትልግ ማሽን ናት። አናጢ መላጊያውን እንጨት ላይ እንደሚገፋ ሁሉ፣ የእሷም ክንድ ጫፉ ላይ ስለት ይዞ ብረቱን እየላገ ወደፊት ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል። ፋብሪካው አሮጌ ዕቃዎቹን ሲያስወግድ ተቀናሾቹ የሚጠቅማቸውን እንዲወስዱ ተፈቀደላቸው። ሌላው ቆርቆሮና ጣውላ ሲያነሳ አባዬ ሼፐሯን ጠየቀ። ሞተሯ ተነቅሎ ተወስዷል፣ መላ አካሏ ዝጓል፤ ማንም ስላልፈለጋት ሰጡት።

የመጣችው ዓቢይ ጾም በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ እማዬ ቅዳሴ ላይ እያለች ነው። የጫናት አይሱዙ ሰፈራችን ጠባብ መንገድ ጋ ሲደርስ አልገባ አለ። አውርደው መሬት ላይ የውሃ ቱቦዎች ደረደሩና እላያቸው ላይ ያንከባልሏት ጀመር። የኋላው ቱቦ ሲለቅ አንዱ ሮጦ ያነሳና ከፊት ያነጥፋል። የሰፈሩ ወንድ በሙሉ ወጥቶ «ሆ በል!» ይላል፤ እኛ ልጆቹ ምንም ሳንገፋ ከሁሉም በላይ እንጮሃለን።

ግቢ ገባች። የሚዘንብ ነገር ነበርና ጣሪያ ያለው ቦታ ያስፈልጋት ነበር፤ ጣሪያ ያለው ደግሞ መኝታ ቤታችንና ማድ ቤቱ ብቻ ነው። አባዬ ለደቂቃ ቆም ብሎ አሰበና የማድ ቤቱን የፊት ቆርቆሮ መንቀል ጀመረ።

«ቶሎ በሉ! ቅዳሴ ሊወጣ ነው!» አለ። ለወራት ድምፁን አጥፍቶ የኖረው ሰውዬ ነው እንዲህ የጮኸው። ድስቱ፣ መደርደሪያው፣ ምድጃው በቅብብል ወጣ፤ ሼፐሯ ገባች፤ ቆርቆሮው ተመልሶ ተመታ። እማዬ ነጠላዋን እንዳጣፋች በሩ ላይ ብቅ ስትል ያ ሁሉ ጎረቤት በየት በኩል እንደጠፋ ዛሬም ይገርመኛል።

«ማድ ቤቴስ?» አለች።

«አለ እኮ፤ እዚያው ነው» አለ አባዬ።

«ድስቶቼስ?»

«አልጋ ሥር ናቸው።»

እማዬ፣ ስሟ ዘነበች ነው፣ ተቆጥታ አትጮህም፤ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። ማሽኗን ዞራ ዞራ አየቻት። «ሰው ከሥራ ሲወጣ ሥራውን ተሸክሞ ቤቱ ይመጣል?» አለች። ከዚያ ድምፅዋን የባሰ ዝቅ አድርጋ «ስማኝ ታደሰ። የፋሲካን ዶሮ የምሠራው በማድ ቤቴ ነው። እስከ ፋሲካ ይቺ ነገር እንጀራ ከሆነችን ሆነችን፤ ካልሆነች የብረት ነጋዴው መጥቶ ቆራርጦ ይውሰዳት» አለችው።

«እስከ ፋሲካ» አለ አባዬ። ያቺን ዱካ ግድግዳው ሥር አስጠጋትና በቀጥታ ማድ ቤት ገባ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ ማሽኗ ከሄደች አባዬ ተመልሶ ዱካው ላይ ይቀመጣል።

ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመጣ ቦርሳዬን ወርውሬ ማድ ቤት እገባለሁ። መጀመሪያ ሥራችን ማጠብ ነበር። በነጭ ጋዝ የተነከረ ጨርቅ ይሰጠኝና እሱ እጁን የማያስገባበት ቀዳዳ ሁሉ የኔ ይሆናል። ከሆዷ ውስጥ የአይጥ ጎጆ አወጣሁ፤ ከጥጥ ፍትል የተሠራ ነው፤ አይጧም ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች ማለት ነው። እማዬ ከውጭ፣ ከጣሪያው ጥግ ሥር በድንጋይ ላይ ሽሮዋን እየሠራች «የጠፋባችሁ ተገኘ እንዴ?» ትለናለች።

«አባዬ፣ ሞታለች?» አልኩት አንድ ቀን።

«አልሞተችም። ታማለች» አለኝ።

አባቴ ቀልድ አያውቅም። ታማለች ካለ ታማለች። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ጉድ አፍልታለች።

ከእጥበቱ ቀጥሎ የመጣውን ሥራ በጣም ወደድኩት። ክንዷ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተትበት ብረት ድፍን ሜዳ መሆን አለበት፤ በዓመታት ብዛት ግን ጎርብጧል። አባዬ ጥላሸት በዘይት ያሽና ወፍራም የመስኮት መስታወት ይቀባል። መስታወቱን ብረቱ ላይ አሳርፎ ገፋ ሳብ ያደርገውና ያነሳዋል። ብረቱ ጉብ ያለበት ቦታ ሁሉ ጥቁር ነጥብ ይይዛል። ነጥቦቹን መፈለግ የኔ ሥራ ነው፤ «እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህም» እላለሁ። እሱ የሞረዱን ጫፍ ስሎ ነጥቧን ብቻ ፍቅ ያደርጋታል። ደግሞ መቀባት፣ ደግሞ መግፋት፣ ደግሞ መፈለግ። መጀመሪያ ነጥቦቹ አምስት ነበሩ። የጾሙ እኩሌታ ሲያልፍ ብረቱን በሙሉ ሞልተው እንደ ጤፍ ተበተኑ፤ መስታወቱ ሁሉንም ቦታ እኩል ነካ፣ ሜዳ ሆነ ማለት ነው። እጄ በሳሙና አልለቅ ብሎ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ሥር እደብቀው ነበር፤ ግን እውነት ለመናገር የምደብቀው እንዲጠይቁኝ ነው።

የሞተር ነገር ተስፋ የለውም፤ ቢገኝም የቤታችን መብራት አይችለውም። አባዬ የፈረስ ጋሪ ጎማ ከነዘንጉ አመጣና ቋሚ ላይ ሰቀለው፤ እጀታ ገጠመለት፤ ከጎማው ወደ ማሽኗ ያረጀ ቺንጋ፣ የማሽን ቀበቶ፣ ዘረጋ። «ያዢ» አለኝ። ሁለታችን እጀታውን ይዘን ገፋን። ጎማው ዞረ፣ ቺንጋው ተሳበ፣ ማሽኗ ውስጥ የሆነ ነገር ጉርር አለ፤ ከዚያ ያ ለስንት ጊዜ የተጋደመ ክንድ ቀስ ብሎ ወደፊት ሄደ። ጫፍ ላይ ደረሰ። ከሄደበት በፈጠነ ፍጥነት ተመለሰና ቀጭ አለ።

«አባዬ! ትሰግዳለች!» ብዬ ጮህኩ።

ጾም ነው፤ እማዬ በየማለዳው ስትሰግድ አያታለሁ፤ ቀስ ብላ ትወርዳለች፣ ቶሎ ትነሳለች። ማሽኗም እንደዚያው አደረገች። አባዬ አላረመኝም። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለ ስግደቷን ይቆጥር ጀመር። እኔም ቆጠርኩ። መቶ ስንደርስ ሁለታችንም ላብ በላብ ሆነን ነበር፤ ግን ማቆም አልቻልንም።

የሆሣዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ፣ ጋሽ ሸምሱ መጣ። ጋሽ ሸምሱ የስልጤ ሰው ነው፤ የመንገዳችን ወፍጮ ቤት የእሱ ነው። አንድ ትልቅ መዘውር በጋሪ አስጭኖ ፊቱ ዱቄት እንደሆነ ግቢያችን ገባ። መዘውሩ መሀሉ ቀዳዳ ነው፤ ዘንጉ እዚያ ይገባል። አብረው እንዲዞሩ ደግሞ ቀዳዳው ውስጥ ቀጥ ያለ ቦይ አለ፤ ቦዩ ውስጥ ሽብልቅ ይሰካል። ያ ቦይ ተበልቶ አልቋል። ዘንጉ ብቻውን ይዞራል፤ ወፍጮው አይፈጭም።

«ከተማ ወስጄው ነበር፤ ሁሉም ከፋሲካ በኋላ ተመለስ ይለኛል» አለ። «ጋሽ ታደሰ፣ ይቺ ማሽን አዲስ ቦይ ታወጣለች?»

«ለዚሁ የተፈጠረች ናት።»

«እስከ መቼ? ሴቶቹ እኮ በር ላይ ናቸው። ጤፉ ረቡዕ ካልተፈጨ ሊጡ ለእሑድ አይደርስም ብለው ሊበሉኝ ነው።»

«እስከ ረቡዕ» አለ አባዬ።

እማዬ ከጋሽ ሸምሱ ጀርባ ቆማ አፏን በእጇ ያዘች። እሱ እንደወጣ «አንተ ልጅ ነህ? ይቺ ማሽን ገና አንድ ብረት ልጋ ታውቃለች? ብታበላሽበትስ? ሌላ መዘውር የለውም እኮ፤ ሰፈሩ በሙሉ በዓል ያለ እንጀራ ሊውል ነው?» አለችው። እኔም የራሴ ጭንቀት ነበረኝ። ማሽኗ በጾም ስትሰግድ አይቻታለሁ፤ ኦርቶዶክስ መሆኗ ነው፤ ለጋሽ ሸምሱ ላትሠራለት ትችላለች። ኋላ እሱም በቀን አምስት ጊዜ እንደሚሰግድ ትዝ ሲለኝ፣ ይግባባሉ ብዬ ተጽናናሁ።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ አባዬ ክንዷን በመዳፉ እየዳበሰ ለራሱ ሲናገር ሰማሁት። «ትንሽ ሕመም ቀርቷታል» አለ።

በነጋታው ሆሣዕና ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ዘንባባ በራሴ ዙሪያ አስሬ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ጸበል ይዣለሁ። እነ እማዬ ጎረቤት በሽተኛ ሊጠይቁ ሲሄዱ ብቻዬን ማድ ቤት ገባሁ። ሥራዬን በደንብ ነው የሠራሁት፤ ዘይቱ ጸበሉን እንዳይከለክለው ብዬ መጀመሪያ ክንዷንና የምትንሸራተትበትን ብረት በጨርቅ ወልውዬ አደረቅኩ። ከዚያ በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ብዬ ሦስት ጊዜ አፈሰስኩባት። የተረፈውም እንዳይባክን ብዬ እሱንም ደገምኳት። ዘንባባዬን አውልቄ እጀታዋ ላይ አሰርኩና እንድትድን ተመኝቼላት ወጣሁ።

ሰኞ ጠዋት አባዬ ማድ ቤት ገባ። ድምፅ የለም። ወጣና ዱካዋን ከግድግዳው ሥር ስቦ ተቀመጠባት።

ሮጬ ገባሁና አየሁት። ያ ለሳምንታት ነጥብ በነጥብ የፋቅነው ብረት በርበሬ የተነሰነሰበት መስሏል፤ ከዳር እስከ ዳር ዝጓል።

«ማነው ውሃ ያፈሰሰባት?» አለ አባዬ፣ ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል።

«እኔ ድርሽ አላልኩም!» አለች እማዬ።

«ውሃ አይደለም» አልኩ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ጸበል ነው።»

አባዬ አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። በጸበል ላይ ምን ይባላል? ደግሞ ከፈተው። «ለምን?» አለኝ።

«ታማለች ብለህ ነዋ! ዘይቱንም ጠርጌላታለሁ!» አልኩና ማልቀስ ጀመርኩ።

የአባዬ ትከሻ ተነቃነቀ። ያለቀሰ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀ ነው። «ዘይቱንም ጠርጋላታለች!» እያለ፣ ዱካው ላይ ወደፊትና ወደኋላ እያለ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከተቀነሰ ጀምሮ እንዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።

እማዬም አልሰማችም ነበር። ማማሰያዋን እንደያዘች ከድስቷ ተነስታ መጣች፤ ቆማ አየችው። ቤት ገባች። ስትወጣ የኑግ ዘይት ጠርሙሷን ይዛለች። እጄ ላይ አስጨበጠችኝና «ብረት ጸበል አይጠጣም። ይሄን አጠጪያት» አለች። ከዚያ ወደ አባዬ ዞራ «አንተስ? ረቡዕ ብለሃል አይደል? ተነስ!» አለችው። በቤታችን የቀረው ዘይት ያ ብቻ ነበር። እስከ ፋሲካ ሽሮውን ያለ ዘይት በላን።

ያን ሰኞና ማክሰኞ ትምህርት ቤት አልሄድኩም፤ እማዬ ራሷ «ትቅር» አለች። ዝገቱን እንደገና ነጥብ በነጥብ ፋቅነው። ደግነቱ ወደ ውስጥ አልዘለቀም። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ማሽኗ በወዳደቀ ብረት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ላገች። የወጣው ፍቅፋቂ ተጠቅልሎ እጄ ላይ ወደቀ፤ አቃጠለኝ፤ የኑግ ዘይት ይሸት ነበር። በደስታ ዘለልኩ፤ ጠባሳው ትንሽ ነው እንጂ አሁንም አለ።

ረቡዕ መጣ። የሰፈሩ ልጅ በሙሉ ግቢያችን ነው። አባዬ ጎማውን እንዲያዞሩ ሁለት ሁለት አድርጎ ደለደላቸውና «ሞተሮቼ» አላቸው። ሃምሳ ስግደት ሲሞላ «ሞተር ይቀየር!» ይላል፤ ተራ የደረሳቸው እየተጋፉ ይገባሉ። ቆጣሪዋ እኔ ነኝ፤ ዘይት ቀቢዋም እኔ ነኝ። መቀቢያዬ ላባ ነው፤ እማዬ ቀደም ብላ የገዛችው የፋሲካ ዶሮ ሌላ ቦታ ስላልነበረ ማሽኗ እግር ላይ ነው የታሰረው፤ ላባ ሲያልቅብኝ ከእሱ እነጭ ነበር። ዶሮው የሚደርስበትን ቀድሞ የቀመሰው በኔ እጅ ነው።

መዘውሩ ታስሯል፤ ስለቱ በረጅም ብረት ጫፍ ላይ ሆኖ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፣ ከጸጉር የቀጠነ ብረት ልጎ ይወጣል። በእያንዳንዱ ስግደት አባዬ የስለቱን እጀታ ምንም የማይባል ያህል ዝቅ ያደርጋል። ከበዛ ስለቱ ይሰበራል፤ ከተጣመመ መዘውሩ ይበላሻል። በር ላይ ሴቶቹ ጤፋቸውን አስቀምጠው ቆመዋል፤ ጋሽ ሸምሱ በመሀል ቆሞ ኮፍያውን ያወልቃል፣ ያደርጋል። ቦዩ ግማሽ ደርሷል።

ጧ!

ቺንጋው ተበጠሰ። ጎማው ብቻውን ዞሮ ዞሮ ቆመ። አባዬ የተበጠሰውን አንስቶ አየው፤ ጫፉ ተበልቶ እጁ ላይ ፈረሰ። «ሌላ የለኝም» አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው፤ ግን በር ላይ ያሉት ሁሉ ሰሙት። ዓይኑ ወደ ዱካዋ ሲሄድ አየሁት። አላጋነንኩም፤ አይቼዋለሁ።

እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስግደት ገና መመለሷ ነበር። ሰዉን ገፍታ ገባች። ለቤተ ክርስቲያን የምትታጠቀውን ሰፊውን መቀነቷን ፈታችና ዘረጋችው።

«ዘነቡ፣ ይበላሻል እኮ!» አለ አባዬ።

«ዝም ብለህ ያዝልኝ!»

ቀሚሷ እንደሰፋ በአንድ እጇ ሰብስባ፣ መቀነቱን ደርባ በጎማውና በማሽኗ ላይ አጠለቀችው። «ፍሬ፣ ወስፌዬን!» አለችኝ። በርሬ አመጣሁ። በሲባጎ ጫፍና ጫፉን ሰፋችው፤ እንዲያ ፈጥና ስትሰፋ አይቻት አላውቅም። ልጆቹ ገፉ። መቀነቱ ተንሸራተተ፤ ማሽኗ አልተንቀሳቀሰችም። እማዬ ከምድጃዋ አመድ ዘግና መጣችና ነሰነሰችበት። «አሁን ግፉ!» አለች። ያዘ። ክንዷ ወደፊት ሄደ፣ ተመለሰ፣ ቀጭ አለ።

«ሞተር ይቀየር!» ብላ የጮኸችው ያን ጊዜ እማዬ ናት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አባዬ እጁን አነሳ፤ ሁሉም ቆመ። ሽብልቁን አንስቶ ቦዩ ላይ ሞከረው። እምቢ አለ። ሁለት ስግደት ብቻ አስደገማት። ደግሞ ሊሞክር ሲል ዞረና ሽብልቁን ለኔ ሰጠኝ። «አንቺ ሞክሪ» አለኝ። አስገብቼ ገፋሁት። መሀል ድረስ ገባና ቆመ። አባዬ በእንጨት መዶሻ ጫፉን መታ መታ አደረገው። ጥግ ደረሰ። ወዲህም ወዲያም አይልም።

ጋሽ ሸምሱ አባዬ ላይ ተጠመጠመ፤ ጉንጩን ሊስመው ሲል አባዬ አንገቱን ሰበረ። ሰሞነ ሕማማት ነው፤ በዚያ ሳምንት ክርስቲያን አይሳሳምም።

«እኔ ሕማማት የለብኝም!» ይላል ጋሽ ሸምሱ።

«እኔ አለብኝ!» ይላል አባዬ፣ እየሳቀ።

መዘውሩን ልጆችና ጎልማሶች እያንከባለሉ ይዘውት ሮጡ። ትንሽ ቆይቶ የወፍጮው ድምፅ ከመንገዱ ማዶ ተነሳ፤ መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ከዚያ ለቀቀው። ከሴቶቹ አንዷ «እል…» ስትል ጎረቤቷ አፏን ከደነችላት። በሕማማት እልልታም የለም። ያን ያህል ሰው ደስታውን አፉ ውስጥ ይዞ፣ እየተገፋፋ፣ በዓይኑ ብቻ እየሳቀ ጤፉን ተሸክሞ ሄደ። አባዬ ወደኔ ጎንበስ አለ። ፊቱ ዘይትና አመድ ነው። ጉንጬ አጠገብ ደርሶ ቆመ።

«ለፋሲካ» አለኝ።

ቅዳሜ ደረሰ። እማዬ በሽንኩርት የተሞላ ሰፌድ ይዛ ማድ ቤት ገባች፤ ማሽኗ እንደቆመች ነው። ግራ ቀኝ አየችና ብረት የሚታሰርበት ጠረጴዛዋ ላይ መክተፊያዋን አስቀመጠች። «በኖርኩበት ዘመን እንዲህ የማይነቃነቅ ጠረጴዛ አላገኘሁም» አለች። ድስቷንም እዚያው አጠገብ ጣደች። የሽንኩርቱ ውሃ እየወረደ ያ የፋቅነው ብረት ላይ ሲንጠባጠብ አባዬ በሩ ላይ ቆሞ በሥቃይ ያያል። ፈንጠር ስትል ሮጦ ይገባና በኑግ ዘይት ያብሰዋል፤ ስትመለስ ይወጣል። ስለ ማሽኗ መቆየትና መሄድ ግን ማንም አላነሳም።

የፋሲካ ጠዋት አባዬ ቀሰቀሰኝና የረቡዑን ሳመኝ፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። በሳሙና ተፈግፍጎ ታጥቧል፤ አሁንም ዘይት ዘይት ይሸታል። ገና ጾማችንን ገድፈን ሳንጨርስ ሴቶቹ መምጣት ጀመሩ። ሁሉም አባዬን እየሳሙ፣ ማድ ቤቱ በር ላይ እየቆሙ ያንን ከረቡዕ ጀምሮ የያዙትን እልልታ ለቀቁት። ጋሽ ሸምሱም መጣ፤ «አሁንስ?» ብሎ ጠየቀና አገላብጦ ሳመው።

ሰው ሲቀልል አባዬ በአዲስ ነጭ ልብሱ ወደ ጓሮ ሄደ። የተመለሰው ያቺን ማሽን ያንከባለሉባቸውን ቱቦዎች ታቅፎ ነው። ማድ ቤቱ በር ላይ መሬት ላይ ሊደረድራቸው ጎንበስ አለ።

«ምን ልትሆን ነው?» አለችው እማዬ ከቤት ወጥታ።

«ፋሲካ ነው። እስከ ፋሲካ ብለሽኝ ነበር። ማድ ቤትሽን ላስለቅቅልሽ» አለ፣ ቀና ሳይል።

እማዬ የበዓል ቀሚሷን ለብሳለች፤ ወገቧ ላይ ግን ምንም የለም፤ ቀሚሱ ዝርግፍ ብሏል። አባዬ ይህን ያየው ቀና ሲል ነው። አይቶ ደነገጠ።

«ውይ፣ መቀነትሽ! እዚያው ረስቼው! ልፍታልሽ፣ አሁኑኑ…»

«ተወው» አለች እማዬ። «ሥራ ላይ ነው።»

አባዬ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ አነሳና ወደ ጓሮ መለሳቸው።